ቢጫ ፖስታ

ኤሽቬገ ከተማ ፖስታ አመላልሳለሁ፤
ከቬራ ወንዝ ማዶ ፎቅ በእግሬ እወጣለሁ።
ነጩ ደብዳቤ ሳጥን ውስጥ ይጣላል፤
የችሎቱ ቢጫ ግን ምስክር ይፈልጋል፦
ቀኑን ጽፌበት፣ ፈርሜ አደርሳለሁ፤
ለዚያች ለአንድ አፍታ የሕግ እጅ እሆናለሁ።

ወይዘሮ ሂልትሩድ ፎግልሳንግ፣
ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ፣ ጉልበታቸው የሚንቋቋ፣
አንድ የሰልፍ ቀን ከመስኮታቸው ሥር
ፖሊስ አንድ ልጅ አስፋልት ላይ ደፍቶ ሲረግጥ አዩ።
አልጮኹም።
ከቁም ሳጥን የሠርጋቸውን አንሶላ አወጡ፤
በጫማ ቀለም ጻፉበት፦ «አይቻለሁ»።
በእሳቸው ቋንቋ አራት ቃል ነው፤ በእኔ አንድ ይበቃል።
ከሰገነቱ ቁልቁል ለቀቁት፣ ነፋስ እንዲያነበው።

ሩብ ሰዓት አልሞላም።
ሦስት ፖሊስ ደረጃውን ወጣ፤
ወረቀት የለ፣ የዳኛ ፊርማ የለ፤
ገርበብ ያለውን በር በጫማው ገፋ፣
ምንጣፉን በጭቃ ረግጦ አለፈ፣
አንሶላውን ከነገመዱ ጠቅልሎ ሄደ።

በሦስተኛው ሳምንት መልሼ ያመጣሁት እኔው ነኝ፤
በላስቲክ ታሽጎ፣ ቁጥር ተለጥፎበት፣
ታጥቦ፣ ተተኩሶ፤
ቃሉ ብቻ እንደ ድሮ ጠባሳ ግራጫ ሆኖ ቀርቷል።
«እንግዲህ ተመለሰልዎት» አልኩ።
«ጨርቁማ መጣ» አሉ፤ «በሩን ግን ማን ይመልስልኝ?»

ያኔ አልገባኝም። ደረጃውን ስወርድ ነው
የአገሬ ተረት ከኋላ የደረሰብኝ፦
በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ
ያለፍርድ የሄደች ጭብጦዬ።

የወረዳው ዳኛ «ጉዳዩ አልፏል» አለ።
ቢጫ ፖስታ። ቀን ጻፍኩ።
የካስል ችሎት «አልፏል፤ አንሶላውም ተመልሷል» አለ።
ቢጫ ፖስታ። ቀን ጻፍኩ፤ ፊርማዬ ተጣመመ።
«እንዴት ያልፋል?» አሉኝ፣ «እኔ እዚያው ቆሜ!»

ልጃቸው ከሃኖቨር ይደውላል፦ «እማዬ፣ ለአንድ አንሶላ?»
ዳቦ ሻጩ ሲያያቸው በሳቅ ይፈርሳል።
ያ የተረገጠው ልጅ? ስሙን አልነገራቸውም፣ ተመልሶም አልመጣ።

አንድ ክረምት፣ ከመድኃኒት ብልቃጦች መሃል
ኪስ የምታክል ሕገ መንግሥት ተከፍታ አየሁ።
«መኖሪያ ቤት አይደፈርም» በእርሳስ ተሰምሮበታል።
«ቁጠራት» አሉኝ። ቆጠርኩ። እሷም አራት ቃል ናት።
ጠበቃ አልያዙም፤ በእጃቸው ጽፈው
ካርልስሩኸ ላኩ፣ ቀይ ካባ ለባሾቹ ዘንድ።

እኛ ዘንድ፣ ድሮ፣ ከሳሽና ተከሳሽ
የኩታቸው ጫፍ ይቋጠር ነበር፤
ጌታም ይሁን ሎሌ፣ ተቆራኝቶ
እስከ ዳኛው ደጅ አብሮ ይጓዛል።
«በሕግ አምላክ!» ሲባልም
የተነሳ ዱላ አየር ላይ ይቀር ነበር፣ ይላሉ።
እኔ የደረስኩበት ሌሊት ግን
በራችን ሲሰበር ያን ቃል ያወጣ የለም፤
አባቴም ጫማውን ፈልጎ አጠለቀ እንጂ
«ወረቀታችሁ የታለ?» አላለም።
እኒህ ሴትዮ ግን የሹራባቸውን ጫፍ
ከመንግሥት ካፖርት ጋር ቋጥረው
አራት ዓመት ጎተቱት።

መጋቢት ላይ መጣ። ማኅተሙን ሳይ ደረጃው ረዘመብኝ።
ከመቶው አብዛኛው ባንዲት ገጽ ይመለሳል፣ ሲባል ሰምቻለሁ፤
ይህ ግን ወፍራም ነው፤ በጣቴ ለካሁት፣ ነውር ቢሆንም።
እንደቆሙ ቀደዱት። አሥራ አንድ ገጽ።
ጣታቸው አንድ መስመር ላይ ሄዶ ቆመ፦
«የአቤት ባይዋ መብት ተጥሷል።»
አላለቀሱም። መነጽራቸውን ጠረጉ፤
«የቴምብሩንም ይከፍሉኛል» ብለው ሳቁ።

ከዚያ በሩን ወለል አድርገው «ግባ» አሉኝ።
ይኸው ስድስት ዓመት፣ ከደፍ አልፌ አላውቅም።
ጫማዬን ጠረግሁ፣
ደግሜም ጠረግሁ፤
ግባ እየተባልኩ
«ልግባ?» አልኩ።