ብሩሼና ፊቴ

ኡልሳን ወደቡ ጨላልሞ፣ ምሽት ሦስት ሰዓት አልፎ፣
ሱቁ ሊዘጋ ሲል ደረስሁ፣ መዝጊያው እስከ ግማሽ ታጥፎ።
የሥራ ልብሴን እንደ ለበስሁ፣ ጥፍሬ እስከ ሥሩ ቀይ ቀለም፤
እንዲህ ያለ ነጭ መደርደሪያ፣ በዕድሜዬ አይቼም አላውቅም።

አንዱ ጠርሙስ ዘይት ነው፣ እንደ ማር ወለላ የጠራ፤
ሌላው አረፋ ነው አለችኝ፣ ሲጫኑት የሚያጓራ።
ልጅቱ ገና ለጋ ናት፤ ጉንጯ የተላጠ እንቁላል።
ደረቴ ላይ የተሰፋውን ስሜን በዓይኗ አነበበች፤
«እማማ ማልሱን፣ ቆዳዎ ምን ዓይነት ነው?» ብላ ጠየቀች።
«ምን ዓይነት? የሰው ነዋ!» ስላት፣ ሣቋን በመዳፏ ያዘች።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፊቴን በአረፋ ስፈትግ ኖርሁ፤
እንደ ታጠበ ሳህን ጢጥ ካላለ፣ መች ጸዳልኝ አልሁ።
ከታጠብሁ ወዲያ ግንባሬ እንደ ከበሮ ተወጥሮ፣
የሚሰነጠቅ እየመሰለኝ ስንት ሣቅ ዋጥሁ ዘንድሮ!
ጉንጬ ላይ ቅርፊት ሲነሣ፣ ቆሻሻ የቀረ መሰለኝ፤
ደግሜ አጠብሁት፤ ባሰው፤ ሦስተኛም አጠብሁ፣ እልኸኛ ነኝ።

«ዘይቱን ይሞክሩ» አለችኝ። ቱግ አልሁባት፤ «እንዴት?
ቅባት ተለውሼ ውዬ፣ ማታም ቅባት ልጨምርበት?»
«እሾህን በሾህ ነው፣ እማማ፤ ቅባትን የሚያወጣው ቅባት፤
ውኃማ በላዩ ያልፋል፣ እንደማይተዋወቅ ጎረቤት።»

ዝም አልሁ።
            ብሩሼ ትዝ አለኝ።

የመርከብ ሆድ ቀብቼ ስወርድ፣ ያን የጠጕር ብሩሼን
በውኃ ነክቼው አላውቅም፤ አዘጋጅቼ ጣሳዬን
ዘይት ነው የማጠጣው፣ ጠጕሩን በጣቴ ዳብሼ፤
በጨርቅ ጠቅልዬ አስተኛዋለሁ፣ እንደ አራስ ልጅ አልብሼ።
ዐሥራ ሁለት ዓመት ሞላው፤ አልረገፈም፣ አልሳሳ።
ለአምስት ሺሕ ዎን ብሩሽ ያልነፈግሁትን እንክብካቤ፣
ለገዛ ፊቴ ነፍጌ ኖርኋ! ምን ነካው ይኼ ቀልቤ?

ልጅቱ ሐቀኛ ናት ደግሞ፤ አረፋውን አላጣጣለችም፤
«ወዛም ፊት ላለው ይስማማል፤ ላብ ያጥባል፤ ጠላት አይደለም።
እርስዎ ግን ደረቅ ነዎት፣ ነፋስና ጨው የበላዎት፤
ከፈለጉም ለዘብ ያለውን፣ ከዘይቱ በኋላ፣ ጥቂት።»
«ብጉር ቢያወጣብኝስ?» አልሁ። «ይተዉታ! ቆዳዎ ይናገራል፤
ካስቸገረም ሐኪም አለ፤ ጠርሙስ ሁሉን መች ያውቃል?»

ዋጋውን ሳይ ዓይኔ ፈጠጠ፤ የሁለት ቀን ምሳዬ ነው።
ቆጠርሁ፣ መለስሁ፣ ቆጠርሁና፣
                               «ጠቅልዪው» አልኋት፣ ዘይቱን ነው።

ቤቴ ገብቼ በደረቅ እጄ፣ በደረቅ ፊቴ ላይ አፈሰስሁ፤
እንደ መከረችኝ በዝግታ፣ ክብ እየሠራሁ አሸሁ።
ከአፍንጫዬ ጥግ፣ ከመነጽሬ ጠርዝ ሥር፣
ቀዩ ቀለም ሟሙቶ ሾለከ፣ እንደ ከረመ ምሥጢር።
ውኃ ጠብ ሳደርግበት ዘይቱ ወተት ሆኖ ነጣ፤
ያ ግዙፍ የመርከብ ሆድ፣ በጣቶቼ መሐል፣
ሐመር ሮዝ ሆኖ ወጣ።

ጢጥ አላለም ፊቴ።
መስተዋቱ ፊት ቆሜ ጠበቅሁ፣ እስኪወጠር።
አልተወጠረም።

ለካ ነክቼው አላውቅም፤
ፈትጌው እንጂ።

ባሌ ፒልጉ ከወዲያ ክፍል፣
«ምነው ጸጥ አልሽ? እዚያው እንቅልፍ ወሰደሽ ወይ?» ቢለኝ፣
«የለም፤ ብሩሼን እያጠብሁ ነው» ብዬ
ሣቅሁ፤
እስከ ጆሮዬ ድረስ ሣቅሁ፤
የተሰነጠቀ ነገር የለም።