ድንጋይ ላይ ውሃ

ተራራው ነደደ መጋቢት ሊወጣ፣
ሦስት ቀን ሦስት ሌሊት፣ ዝናብ እስኪመጣ።
አስታው ከስሎ አለቀ፣ ሣሩ አመድ ሆነ፣
ቆቁ ከነጎጆው ከጭስ ጋር በነነ።
አመዱ ሲቀዘቅዝ ካብ ላድስ ወጣሁ፤
የማውቀውን ኮረብታ ራቁቱን አየሁ።

ካብ መካብ ነው ሥራዬ፤ ያለ ጭቃ፣ ያለ ሲሚንቶ፣
ድንጋይ ከድንጋይ ጋር በግድ ተስማምቶ።
አርባ ዓመት ስመላለስ ያላየሁት ነገር
ከአመዱ ብቅ አለ፤ የጎጆዎች አገር።
ዘጠኝ ክብ መሠረት፣ በራቸው ወደ ፀሐይ፣
በየምድጃው ዛሬም በእሳት የቀላ ድንጋይ።
ጎጆ ወጥተው ነበር እዚህ ሙሽሮቹ፤
ጎጆው ቀረ እንጂ የት ወጡ ሰዎቹ?

ከብራድፎርድ ከተማ መጣች ሩክሳና፣
ጀርባዋ ላይ ካርታ፣ ሜትርና ፋና።
ቢጫ ባንዲራዎች ተክላ በየጎጆው
«ይህ መኝታ ይሆናል፤ ይህ ደግሞ ግርግም ነው»
ትላለች ስትለካ። እኔ ግን ዝም አልኩኝ፤
በአያቴ ካብ ውስጥ የነሱን ቤት አየሁኝ።
ለካ ዘርፈናቸዋል፣ ግድግዳ ነቅለን፣
በግ እናሳድር ብለን።

ከታች ሸለቆው ውስጥ ሄስተር ትኖራለች፣
ባሏን አምብሮዝን አምና የቀበረች፤
ሰማንያ አንድ ዓመቷ። ላሞቿን ሸጣ
ውሻዋን ብቻ ይዛ ከደጅ ተቀምጣ።
ሩክሳና ቀለበት ስለተቀረጸበት ዓለት ጠየቀቻት፤
«ቀለበት? ነይ እስኪ» ብላ በከዘራ መራቻት።

ወደ ቦዩ ወሰደችን። በቦዩ ላይ ድልድይ፤
አምብሮዝ ያጋደመው አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ።
«በሠርጋችን ዓመት ከላይ በትራክተር ጎትቶ
አመጣልኝ፣ ጫማሽ እንዳይርስ ብሎ ተጨንቆ፣ ለፍቶ።
‹ከሥሩ ሥዕል አለው› ብሎኝ ነበር ያኔ፤
ስድሳ ዓመት ረገጥኩት፤ አላጎነበስኩም እኔ።»

በብረት ዘንግ ፈነቀልነው። ትል፣ ጭቃ፣ የሸረሪት ድር።
ምንም የለም። ሩክሳና አንገቷን ደፍታ አየች ምድር።
ሄስተር ግን ከቦዩ በባልዲ ቀድታ መጣች።
አንዴ ደፋች። ደግማ ቀዳች።

ድንጋይ ላይ ውሃ ማፍሰስ ከንቱ ነው ይላሉ፤
ይላሉ፤ ያላፈሰሱ ብዙ ነገር ያወራሉ።
መሸ። ጭቃው ታጠበ። ፋናው በጎን በራ፤
ክብ ከክብ ውስጥ ተነሣ ተራ በተራ፤
ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት፤ መካከሉ ጎድጓዳ፣
ድንጋይ በድንጋይ ወቅሮ የሠራው ያ እንግዳ።
ወይስ እንግዶቹ እኛ?

«ትርጉሙ ምንድን ነው?» ሄስተር ጠየቀቻት።
ሩክሳና ሳቀች፤ «አላውቅም» አለቻት፤
«ካርታ ነው ይላል አንዱ፣ ሌላው ፀሐይ ይላል፤
እኔ ለክቼ እጽፋለሁ፤ ከዚያ በላይ ምን ይባላል?»
ሄስተር ተንበርክካ ጎድጓዳውን ዳሰሰች፤
ቀለበት ቀለበትን ሲነካ ሰማሁ፤ አልተነፈሰች።
ቆይታ፣ «ሬሳው ሲወጣ በዚህ ላይ ነው ያለፈ፤
ስድስት ሰው ተሸክሞት አንድ እግር አልተደናቀፈ።»

«ሙዚየም ይግባ» ብለው ጻፉላት በደብዳቤ፤
«መልሱት» አለች፣ «ከቦዩ ላይ፣ ከነጭቃው፣ አጠገቤ።
ፊቱን ወደ ታች አድርጉት። ያቆየው ጨለማው ነው።
በጉ፣ ወተት ጫኙ፣ እኔ፣ ሞት፤ ሁላችን ተራመድነው፤
አንድ ጭረት የለበትም።»

መለስነው።

በማግስቱ ሲመሽ ወጣሁ፣ ከአያቴ ካብ ነቅዬ
አንድ የቀላ የምድጃ ድንጋይ በትከሻዬ አዝዬ፤
ከዘጠነኛው ክብ፣ ከጎደለው ቦታ አኖርኩት።
ነገሩ ጥፋት ነው፣ ማስረጃ ማበላሸት፤ ግን አደረግኩት።
ሩክሳና ከባንዲራዎቿ መሐል ቆማ አየችኝ፤
ደብተሯን ገለጠች። አልጻፈችኝ።
ካፊያ ጀመረ፤
ጎድጎድ ያለውን ሁሉ መሙላት።