ተደጋጋሚ ስም

አራተኛ "ለ" ክፍል፣ ጥቁር ሰሌዳው ላይ
የማካፈል ሂሳብ ሳይጠፋ ቀርቷል፤
ሃያ አራት ሲካፈል ለሰባት ይልና
መልሱ ሳይጻፍበት ደወል ተደውሏል።
ከሥሩ፣ ምንጣፍ ላይ፣ ስድስት ቤተሰብ
እግር ከራስ ገጥሞ ጎን ለጎን ተኝቷል።

እኔ መዝጋቢ ነኝ። ስልኬን በፌስታል
ከኮምቦልቻ ካፊያ ጋርጄ ይዣለሁ፤
ከምንጣፍ ወደ ምንጣፍ በጉልበቴ እየሄድሁ
ስም እጠይቃለሁ፤
ጣቴ ሲረጥብበት ስክሪኑ እምቢ ይላል፣
በሸሚዜ አድርቄ ደግሞ እነካዋለሁ።

"ስም?"
"ጦይባ ይመር።"
"ዕድሜ?"
"እሱን እንኳ እንጃ።
ማሽላው ሳያፈራ የቀረ ዓመት ተዳርሁ፤
አንተ ተምረሃል፣ ቁጠርና ድረስበት።"

"መረጃሽ ለሌላ ድርጅት ቢጋራ
ትፈቅጃለሽ?" አልሁ፣ ቅጹ እንደሚያዘኝ።
ሣቅ አለች። "ዱቄት ነው ሲጋሩት የሚያልቅ፤
ስማችንማ ይዙር፣ ካገኘ የሚያገኝ።"

"የቤተሰብ ብዛት?"
"ሰባት" አለች ፈጥና።
ዐይኔ ቆጠረ፦ እሷ፣ ሁለት ሴቶች ልጆች፣
ጡት ያልጣለ ሕፃን፣ ዐይኗ የጠፋ አማት።
አምስት።
ደግሜ ጠየቅሁ። ደግማ "ሰባት" አለች፣
ድምፅ ሳትጨምር፣ ሳትቀንስ፣ እንደ ሚዛን ብረት።

ባሏ ይማም አሊና የአሥር ዓመቱ ሷሊህ
መርሳ ላይ፣ በሌሊት፣ ከጭነት መኪና
በግርግር ቀሩ። ቅጹ ግን አያውቅም
መንገድ ላይ ያለ ሰው፤
"አለ" ነው፣ "የለም" ነው፣ ሦስተኛ ምርጫ የለው፤
ቀይ አስምሮ "ሙላ" ይላል ባዶ ብተወው።

አምስት ብዬ ጻፍሁ። "አስተያየት" በሚል
ጠባብ ሣጥን ውስጥ ሁለቱን ጨመርሁ፦
ሷሊህ፣ ግራ ጆሮው ሥር የቃጠሎ ጠባሳ፤
"ሲጠሩት አይሰማም፣ ሐሳብ ይወስደዋል"፦
እናቱ ያለችውን ሳልቀንስ አኖርሁ።

ኔትወርክ ከጠፋ ሦስት ቀን ሆኖታል።
ኑረዲን በሞተር ሀረጎን አወጣኝ፣
ጉሙ እየላሰን፣
ከጥምዝ ወደ ጥምዝ "አሁንስ?" እያለኝ።
"የለም።"
"አሁንስ?"
"የለም።"
ጫፉ ላይ፣ ዱዓ እንደሚያደርስ ሰው፣ ስልኬን ሰቅዬ ቆምሁ፤
አንዲት ዘንግ ብቅ አለች።
መቶ አሥራ ሁለት ቤት፣ ከነሕፃኑ፣ ከነሳሉ፣
ባንዲት ዘንግ ተሻገረ ወደ ደሴ።
ከዚያ ዝናቡ አባረረን።

ሰኞ ጠዋት ከደሴ መልእክት ደረሰኝ፦
የነሱና የኛ ዝርዝር ተቀላቅሎ
ማሽኑ አበጥሮ አንድ እንክርዳድ አገኘ፤
"ተደጋጋሚ ስም። ሷሊህ ይማም። ይሰረዝ" ብሎ።
ሁለት ብርድ ልብስ ሊወስድ የመጣ መስሎት!
አድራሻ፦ ሆጤ፣ ድንኳን ዘጠኝ፤
ከማይዛመዱት ሽማግሌ ጋር ባንድ ካርድ የተመዘገበ።

"ይሰረዝ" የሚለው ሰማያዊ ቁልፍ
አውራ ጣቴ ሥር ነበር። ተውሁትና ደወልሁ።
"ድንኳን ዘጠኝ? ልጁን ግራ ጆሮው ሥር እዪልኝ።"
"ቆይ" አለች አንዲት ሴት።
ጭቃው ጫማዋን ሲስብ ሰማሁ፣
ሸራው ሲገለጥ ሰማሁ፣
ሕፃን ሲያስል።
"አለ።"

ለጦይባ ስነግራት እልል አላለችም።
"አብሽር" አለችኝ፣ እኔን፣ ከንፈሬን አይታ።
ቀጥላ፦ "ይማምስ?"
"ሌላ ተደጋጋሚ የለም ይላል ስልኩ።"
"እንግዲያ ስድስት በል። ሰባቱን ግን አታጥፋው፤
ወደ ጎን አስጠጋው።"

በማግሥቱ ሷሊህ ከሚኒባስ ሲወርድ
ስሙን ጠራችው፤ አልሰማትም።
ክፍል አስገብታ ስታቅፈው እንኳ
ዐይኑ ሰሌዳው ላይ ነበር።
ማታ የጠመኔ ቁራጭ ከጥግ አገኘ፤
ሃያ አራት ለሰባት፦ ሦስት ብሎ ጻፈ፣
ከጎኑም፦ ቀሪ፣ አንድ።

ስህተት ነው።
ማንም አላረመውም።