ምናገባህ

ከቀሃ ወንዝ ማዶ፣ ከዳገቱ ሥር፣
ለኔና ለጋሽ እንግዳው አንድ ነው ያለን አጥር።
ቆርቆሮው የዛገ፣ በዝናብ የሳሳ፣
እሱ ሲያነጥስ እኔ ካልጋዬ ላይ
“ይማርህ” እላለሁ፣ ድምፄን ሳላነሣ።

ውሻ አለው። ታስሯል፣ ከበርሜሉ አጠገብ፤
ጎድኑ ይቆጠራል፣ ሣህኑ ላይ ያለው የሐምሌ ዝናብ።
ሲመሽ ይጀምራል።
ለጅብ ይጮሃል፣ ጅብ ባይመጣም ለጅብ፣
ለባጃጅ፣ ለጨረቃ፣ ለደወል፣ ለረሃብ።
ሌሊት ስድስት ሰዓት፣ ስምንት ሰዓት፣ አሥር፣
እሱ በሰንሰለት፣ እኔ በሱ ድምፅ፣ ሁለታችን በእስር።

እኔ እንጀራዬ ነው የሰው አቤቱታ፤
ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቼ፣ ከጧት እስከ ማታ፣
“አመልካች”፣ “ተጠሪ”፣ “ከሰላምታ ጋር” እያልኩ የኖርኩ፣
ለስንቱ ድንበሩን፣ ለስንቷ ቀለቧን በብዕር ያስመለስኩ፣
ለራሴ ጉዳይ ግን አንድ መስመር አጠረኝ።
“ጉዳዩ፦ ስለ ውሻዎ” ብዬ ጀመርኩና እፍረት እጄን ያዘኝ።

ብከሰው እረታለሁ። ግን እሑድ በዕድር
ከጎኔ ሲቀመጥ ምን ብዬ ልናገር?
ስሞትስ ሳጥኔን የሚያነሣ ማን ነው? የሚመልስ አፈር?

አንድ ቅዳሜ ሄድኩ። ባዶ እጄን አልሄድኩም፤
የደባርቅ ድንች ይዤ። ስለ ውሻው ግን ትንፍሽ አላልኩም።
ስለ ዝናቡ አወራን፤ ስለ ነጭ ሽንኩርት ዋጋ፤
ስለ ቧንቧው ውኃ፣ በሳምንት አንድ ሌሊት፣
ስንጠብቀው ስለሚነጋ።
ተነሥቼ፣ በሩ ጋ ደርሼ፣ እንደ ዘበት ነገር፣
“ስሙ ማን ነው?” አልኩት፣ እያየሁ ወደ በርሜሉ ሥር።

“ምናገባህ” አለኝ።
ደሜ ፈላ። ወጣሁ። እቤቴ ስደርስ ነው ሰዋስው የገባኝ፤
እኔ ሴት ነኝ እኮ። በወንድ ነው ያለኝ።

ማታ ባለሱቋ ትርንጎ ነገረችኝ ሙሉውን፤
ከኔ በፊት የነበረው ሰውዬ በክንድ ገፍቶበት ድንበሩን፣
ጋሽ እንግዳው አልተጣላም። ቡችላ አመጣና ስም አወጣለት፣
ጧት ማታ ጮክ ብሎ ሊጠራው፣
አጥር ዘሎ ስድቡ እንዲደርስለት።
ሰውዬው ቤቱን ሸጦ ሄደ። ስድቡ ግን ቀረ፤
ተቀባይ እንዳጣ ደብዳቤ በርሜል ሥር ታሰረ።

“ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ” ይላል የሀገር ሰው።
አልነቀነቅኩም። አንድ የላላ ሚስማር ብቻ፣ ሲመሽ፣ በጉጠት፣
ቀዳዳው ያው የክንድ ያህል ነው።
በዚያች ሽንቁር በኩል የዳቦ ቅርፊት፣ ከልኳንዳ አጥንት።
መጀመሪያ አጉረመረመ። ከዚያ ዝም አለ። በሦስተኛው ሌሊት
እጄን ላሰኝ። ተኛሁ፤
የሁለት ክረምት ውዝፍ እንቅልፍ፣ እስከ ረፋዱ።
ጥቅምት ላይ ጎድኖቹ ጠፉ፣ አንድ ባንዱ።
ጋሽ እንግዳው አየ። ሰንሰለቱን ፈታ፣ ምንም ሳይለኝ፤
እኔም ምንም ሳልለው። ያለ ማኅተም፣ ያለ ምስክር
የጸደቀ ውል ያን ዕለት ገረመኝ።

ትናንት በሬን አንኳኳ፣ አንድ ፌስታል ሎሚ ይዞ።
ተቀመጠ፣ ጉልበቱን በእጁ ደግፎ፣ ተክዞ።
ስለ ብርዱ አወራ። ስለ ዕድሩ ሂሳብ፣ ስለጎደለው ብር።
ተነሥቶ፣ በሩ ጋ ደርሶ፣ እንደ ዘበት ነገር፣
“እኔ የምልሽ” አለ፣ “ቅር እንዳትሰኚ፤ አምሽቼ ስገባ፣
ሲያምባርቅብኝ ጊዜ፣ በገዛ በሬ ላይ መሰልኩልሽ ሌባ።
እስቲ ያን ውሻሽን ምከሪው።”

“ውሻሽን” ነው ያለው።

ውሻ በበላበት ይጮሃል፤ ያበላሁ እኔ ነኝ፤ ምን እላለሁ?
“ይቅርታ ጋሽ እንግዳው” አልኩት፣ “እመክረዋለሁ።”
ሲወጣ “ምናገባህ!” ብሎ ጠራው፣ ከደጄ የተጋደመውን፤
ጆሮውንም አላነሣ። በሽንቁሩ በኩል ያን ሁሉ ሌሊት
ስጠራው የኖርኩት በሌላ ስም መሆኑን
አልነገርኩትም።

ሌሊት ከአጥር ወዲያ ጋሽ እንግዳው አነጠሰ።
“ይማርህ” አልኩ፣ ካልጋዬ ላይ፣ በለሆሳስ።
ውጭ፣ በጨለማ፣ የተጠራ መስሎት፣
ጅራት በሬን መታ፣ ሁለት ጊዜ፣ በዝግታ፣ በደስታ ብዛት።