ቆጠራ

ሙጪት ከድጎ ጽዮን በረዶ ተሸክማ
መጣች፤ ጭቃው አንድ ጫማ ቀምቷት በጨለማ።
ሰማያዊ ሳጥኗን ወደ ኮሶው አስጠግታ፣
«ስንት ልጅ አለሽ?» አለቻት፣ መዝገቧን ዘርግታ።
«ሁለት» አለች አትጠገብ፣ ቶሎ፣ ሳታመነታ።

ጀርባዋ ላይ ግን ሦስተኛው ያስነጥሳል።
«ይሄስ?»
«እሱማ ገና ነው፤ ኩፍኝ ሳይወጣለት
ማን ልጄ ብሎ ይቆጥራል?»

እናቷም እንዲሁ ነበር የምትቆጥር፤
ሰባት ወልዳ «ሦስት» ስትል፣ አራቱ ከአፈር።

ሙጪት አልመለሰችም። ብርድ ያደረቀውን እስክሪብቶ
በትንፋሿ አሙቃ፣
ከሁለቱ ስም ሥር አንድ መስመር ጨመረች።
«ስሙ?»
«ይቆየኝ።»

መርፌው ገባ። ልጁ ጮኸ።
አትጠገብ ካርዱን በመቀነቷ ጫፍ ቋጥራ፣
«ሦስት» አለች ለብቻዋ፣
እንደ ሌባ
ግራ ቀኟን አይታ።