ወራጅ አለ

ከሌሊቱ ዘጠኝ፤ ታርቱ፣ በጥር ወር፣
የሊዮንበርገር ቡችላ አቃሰተ በሩ ሥር።
ኡርቬ ካፖርቷን በሌሊት ልብሷ ላይ
ደርባ፣ ታቅፋው ወረደች ሦስት ፎቅ፤ «ያዘው፣ አደራህን፣ ቆይ!»

በረዶው ላይ ቆሞ ቅንጣት በአፉ ሲቀልብ
የመጣበት ነገር ጠፋበት ከቀልብ።
ሲመለሱ ግን፣ ገና በሩ ሳይዘጋ፣
ምንጣፉ ላይ ለቀቀው፣ ኩሬ ሙሉ፣ ምንም ሳይሰጋ።

አልተቆጣችም። ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ነድታለች፤
«ወራጅ አለ!» ሲባል ፌርማታ እንደማይጠበቅ ታውቃለች።
ባልዲና ጨርቅ አምጥታ ተንበረከከች በጉልበቷ፤
ኮምጣጤው ሸተተ ታች እስከ ጎረቤቷ።

የካቲት ሳያልቅ ክንዷ እምቢ አለ፤
ውሻው የድንች ጆንያ፣ መዳፉ ድፎ ዳቦ አከለ።

መጋቢት ማለቂያ፣ በረዶው በአሸንዳ ሲንጠባጠብ፣
እጇን ነካት አፍንጫው፣ ቀዝቃዛ፣ እርጥብ።
አልሸናም።
በር ላይ ቆሞ ነበር፣ ገመዱን በአፉ ይዞ፤
«ወራጅ አለ!» አለች፤ ጫማዋን ፈለገች፣ ጣቷ ደንዝዞ።

ሦስት ፎቅ ቁልቁል፤ እሱ ከፊት፣ ይጠብቃታል በየመታጠፊያው፤
አሁን የምታቃስተው እሷ ናት፣
ወገቧን ይዛ፣ በየደረጃው።