ልንገረው

ስሙ ልንገረው ነው፤ የአባቱ አዝመራው፤
ከጮቄ ሥር መጣ፣ ከድንችና ከገብስ ጎራው።
ስሙን የሚጠራ ሁሉ ነገር የቋጠረ መሰለ፤
«ስምህ ግሥ ነው» ስለው፣
«አባቴ ለማን ምን ሊነግር እንደነበር እንጃ» አለ።

ደብረ ማርቆስ ገባ፣ ኬሚስትሪ ሊማር፣
ሁለት ሱሪ ይዞ፣ አንድ ጆንያ፣ በላስቲክ የታሰረ ማር።
ዶርም አሥራ አራት፣ ከላይ እሱ፣ ከታች እኔ፤
ሌሊት ሲገላበጥ አቧራው ይወርዳል ወደ ዓይኔ።

በእግር አልነበረም መጀመሪያ ኳስ የለመደው፤
ቆልማማ ዱላ ነው፣ ታኅሣሥ ላይ ሜዳ ያወረደው።
ጥንጓን በገና መትቶ፣ ከአጎቶቹ ጋር ተጋፍቶ፣
ያበጠ ቅልጥሙን በቅቤ አሽቶ
ነው ያደገው። ስለዚህ ሲሮጥ ጎንበስ ይላል፤
እጁ ባዶ ሆኖ ዱላ የያዘ ይመስላል።

ሁለተኛ ዓመት፣ የካምፓስ ዋንጫ ፍጻሜ፣
ጫማ ጠባቂው እኔ፣ ከመስመሩ ዳር ቆሜ፣
በረዶ ወረደ። ሽንብራ የሚያህል፣ ቀጥሎም ባቄላ፤
ሸሸ ተመልካቹ፣ ተሸሸገ ከጥላ።
ሜዳው ነጭ ሆነ። ሌላው ሲንገዳገድ፣ ሲወድቅ፣
ልንገረው ብቻውን ጉልበቱን አጥፎ፣ በረዶውን ሲሰነጥቅ፣
ተንሸራቶ መጣ በስተግራ በኩል፤
እግሩ እንደ ማጭድ፣ ኳሷ እንደ ዕንቁላል፣
ሳትሰበር ገባች።

ማንም አላጨበጨበ። የቀረነው አምስት ነን።
ከአምስቱ አንዱ ግን፣ ኮፍያውን ወደ ኋላ አዙሮ፣
ስሙን ጻፈ በሲጋራ ካርቶን ላይ፣ ብዕር ከእኔ ተበድሮ።

ፊርማ! ይህቺ ቃል። በአንድ ሌሊት ካምፓሱን ያዳረሰች፤
ለአባቱ ሁለት በሬ፣ ለእኔ የቆዳ ጃኬት ሆና የደረሰች።
ሊሄድ ሲነሣ፣ «ፈቃድ ጠይቄአለሁ፣ አንድ ዓመት ብቻ፤
ደብዳቤ ከላኩ ንገረኝ» አለ፣ «እደርሳለሁ በሩጫ።»

ደብዳቤው መጣ በግንቦት፣ ማኅተሙ ሳይደርቅ፤
«እስከ ሰኔ አምስት ካልተመዘገበ...» ሌላውን ማን አያውቅ!
የዚያን ዕለት ማታ፣ ከሱቁ ሬዲዮ፣ ከንፋሱ ጋር ተቀብሮ፣
ስሙን ሰማሁት፤ ሊያልቅ አሥራ አንድ ደቂቃ ሲቀር ገባ ተቀይሮ።
ሱቁ በሙሉ ጮኸ። እኔም ጮህኩ፤
«ጓደኛዬ ነው» ብዬ ለሰው ሁሉ ለስላሳ ጋበዝኩ።
ደብዳቤው ኪሴ ውስጥ ነበር።
ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። ነገ ደግሞ ጨዋታ ነበር።

ከዚያ ያለው አጭር ነው። በመጀመሪያው ዓመት ሰባት ጎል፤
በሁለተኛው ያልተከፈለ ደመወዝ፣ በሦስተኛው የውሰት ውል፣
ቆላ ወዳለ ቡድን። በአራተኛው፣ ጉልበቱ
ጠጠር ሜዳ ላይ ዞረ፤ በሬዎቹ ተሸጡ፣ ሁለቱ።
አባቱ መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጠ ያን ክረምት፤
«ጉልበት ሸጬ ጉልበት ገዛሁ» አለ አሉ፣ «ኪሳራ የለበት።»

አሁን ሠላሳ ሦስት ነው። ፍኖተ ሰላም፣ ለከተማው ቡድን ይጫወታል፤
እሑድ ጉልበቱን በጨርቅ ጠቅልሎ፤ ቅዳሜ ሲሚንቶ ያወርዳል።
እኔ ደጀን ሒሳብ አስተምራለሁ። በሚኒባስ ሄድኩ ባለፈው ሳምንት፤
እሱ በገዛልኝ ጃኬት ኪስ፣ ያ ወረቀት፣
እጥፋቱ የተበላ፣ የአሥራ አንድ ዓመት።

ሜዳው ደረቅ ነው፤ የማንጎ ጥላ በአንድ ወገን።
ጎንበስ ብሎ ሮጠ፣ ያንን የማይታይ ዱላ ይዞ፣ በግራ ጎን።
ሕዝቡ ተነሣ። ልጆች ከአጥሩ ላይ፣ ሻጮች ከሸንኮራቸው፣
አንድ ቃል ብቻ ነበር ከአፋቸው፤
ልንገረው! ልንገረው! ልንገረው!

እኔም ተነሣሁ፣ ወረቀቱ ደረቴን እየቆረቆረው።
ከሁሉ በላይ ጮህኩ። ዘወር ብሎ አየኝ፤ እጁን አነሣልኝ፤
ድጋፍ ነው የመሰለው።